ማሪነርስ ፕሌይኦፍ ይገባል? 20 ጨዋታ ሲቀር ምኑን እንይ?

ሰማያዊ_አረንጓዴ፦
የሲያትሉ የቤዝቦል ቡድን ማሪነርስ በ2023 ከ162 ጨዋታ 88 ጊዜ አሸንፎ ከፕሌይኦፉ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ካለው የዋንጫ ዙር) በአንድ ጨዋታ ቀረ። በ2024 85 አሸንፎ አሁንም በአንድ ጨዋታ ቀረ። በ2025 በ90 ድል ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ሦስቱን ዓመታት የሚለያቸው አምስት ድል ብቻ ነው። 20 ጨዋታ ሲቀር ከመጨረሻው ዋይልድ ካርድ (ምድባቸውን ላላሸነፉ ቡድኖች ከሚሰጥ የፕሌይኦፍ ቦታ) በሁለት ጨዋታ ርቀን ብንገኝ ምን ያህል ተስፋ አለን? ከደረጃ ሰንጠረዡ ሌላስ ምን ይታያል?

ቆጣሪው፦
መጀመሪያ መድረሻው ይታወቅ። ከ2022 እስከ 2025 ማሪነርስ በሚጫወትበት በአሜሪካን ሊግ የመጨረሻዋን የፕሌይኦፍ ቦታ ያስገኘው ድል በቅደም ተከተል 86፣ 89፣ 86 እና 87 ነው። ስለዚህ 87 ላይ ልብ ይንጠለጠላል፣ 90 ላይ ይረጋጋል።

ወደ ጥያቄው፦ ሁለቱ ቡድኖች እኩል አቅም አላቸው ብለን እያንዳንዱን ጨዋታ እንደ ሳንቲም መጣል ብናሰላው፣ እኩል ስንጨርስ የምናልፈው እኛ ከሆንን ዕድሉ 32 በመቶ ነው፤ የሚያልፉት እነሱ ከሆኑ 21 በመቶ። ያ ሁሉ ልዩነት የሚመጣው ከእርስ በርስ ውጤት ነው። ከ2022 ወዲህ መለያ የሚሆን 163ኛ ጨዋታ የለም፤ እኩል የጨረሱ ቡድኖች መጀመሪያ የሚለዩት በዓመቱ ውስጥ አንዱ ሌላውን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ታይቶ ነው። በ2023 የምድባችን ቡድኖች አስትሮስና ሬንጀርስ እኩል 90 አሸንፈው ምድቡን አስትሮስ የወሰደው እርስ በርስ 9 ለ 4 ስለመራ ነው። በ2025 ያው አስትሮስ ከታይገርስ ጋር እኩል 87 አሸንፎ እቤቱ ቀረ። ኤፕሪል ላይ ማንም ልብ ያላላት ጨዋታ ሴፕቴምበር ላይ እንዲህ ትመነዘራለች።

የመሰናበቻ ቁጥሩ (ተስፋችን እስኪያበቃ የቀረው የእነሱ ድልና የእኛ ሽንፈት ድምር) ደግሞ እንዲህ ይሰላል፦ ከ163 ላይ የተፎካካሪው ድልና የእኛ ሽንፈት ይቀነሳል። እነሱ 78 ካሸነፉ፣ እኛ 66 ከተሸነፍን 19 ይቀራል። እርስ በርስ እነሱ ከበለጡን ከ162 ነው የሚጀመረው፣ ማለትም 18። ዜሮ ሲደርስ አበቃ።

የራን_ልዩነት፦
የሳንቲሙ ስሌት የሚይዘው አቅሙ በእርግጥ እኩል ከሆነ ነው፤ እሱን የሚነግረን የራን (የቤዝቦል ነጥብ) ልዩነት ነው። ያስቆጠርነው ራን ካሬ፣ ለሁለቱ ካሬዎች ድምር (ያስቆጠርነውና የተቆጠረብን) ሲካፈል የሚጠበቀውን የድል መጠን ይሰጣል። የ2021ን ማሪነርስ እንየው፦ 697 አስቆጥሮ 748 ተቆጠረበት። ስሌቱ 75 ድል ገደማ ይላል፤ ቡድኑ ግን 90 አሸነፈ። ትርፉ በአብዛኛው የመጣው በአንድ ራን ከተለዩ ጨዋታዎች ነው፤ 33ቱን አሸንፎ 19 ተሸንፏል። ጥሩ ቡልፔን (ተቀይረው የሚገቡ ወርዋሪዎች) በዚህ በኩል ይረዳል፣ ግን በቀሩት 20 ጨዋታዎች ይደገማል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሰማያዊ_አረንጓዴ፦
ከፊታችን ያሉት ሁለት ቡድኖች ቢሆኑስ?

ቆጣሪው፦
ሁለቱንም ማለፍ ስለሚያስፈልግ ከ21 በመቶም በታች ሊወርድ ይችላል። እነሱ እርስ በርስ የሚጫወቱ ከሆነ ግን በየቀኑ አንዳቸው መሸነፋቸው አይቀርም። እኛ ከአንዳቸው ጋር ፊት ለፊት ስንገናኝ ደግሞ ርቀቱ በአንድ ምሽት በሙሉ ጨዋታ ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ በሌላ ቀን የእኛ ውጤት ብቻውን የሚለውጠው ግማሽ ነው።

ስታርተር_ተመልካች፦
መግባት ብቻ ሳይሆን እንዴት መግባትም ይታይ። መደበኛው ውድድር እሁድ አልቆ የዋይልድ ካርድ ዙሩ ማክሰኞ ይጀምራል፤ ሦስቱም ጨዋታ በተሻለው ቡድን ሜዳ ነው። እሁድ ለመግባት ሲባል ዋናው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ከወረወረ፣ በተለመደው የአራት ቀን እረፍት የሚመለሰው ዓርብ ነው። ተከታታዩ ግን ቢበዛ ሐሙስ ያልቃል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ቅዳሜና እሁድ ጨዋታውን የትኛው ፒቸር እንደሚጀምር ነው። ከሊጉ አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት የምድብ አሸናፊዎች ይህን ዙር ስለሚዘሉት ፒቸሮቻቸውን እንደገና ይደረድራሉ፤ ማሪነርስ በ2025 ያገኘው ይህን ነው። እሱም ቢሆን ብዙ አልቆየም፦ ከታይገርስ ጋር አምስተኛው ጨዋታ 15 ኢኒንግ (ከተለመደው ዘጠኝ አልፎ) ሲሄድ ጨዋታ የሚጀምሩት ፒቸሮች ጊልበርትና ካስቲዮ ከቡልፔን ወጥተው ወረወሩ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በቀጣዩ ዙር ቶሮንቶ ላይ ሌላው ፒቸር ሚለር በሦስት ቀን እረፍት ጀመረ።