ሐሳብ በዝቶብኝ ሥራዬ ቆመ፤ ብቻችሁን የምትሠሩ እንዴት ትወጡታላችሁ?

ጠያቂ (የሐበሻ ቀሚስ ዲዛይነር፣ አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥለቱን እኔ እስላለሁ፣ ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ይሠሩልኛል፣ አንድ ሰፊ ይሰፋልኛል፣ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ሠራተኛ የለኝም። ሂሳቡም፣ ፎቶውም፣ ደንበኛ ማናገሩም በእኔ ላይ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ያዘጋጀኋቸው አራት ቀሚሶች ተሰፍተው ተሰቅለዋል። እስካሁን አልለጠፍኳቸውም። ፎቶው ጨለመ ብዬ ደግሜ አነሳለሁ። ዋጋ እጽፋለሁ፣ ውድ ነው ይሉኛል ብዬ እቀንሳለሁ፣ ከዚያ ርካሽ ዕቃ ይመስላል ብዬ እመልሰዋለሁ። ደንበኛ መልእክቴን አይታ ዝም ካለች ደግሞ ምን ብዬ አስቀየምኳት እያልኩ ስብሰለሰል አድራለሁ። ነሐሴ ገብቷል። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የቆዳ ቦርሳ ሠሪ፦
እህቴ፣ ዋጋው ላይ የምትዋዥቂው ወጪሽን ስላልደመርሽው ይመስለኛል። ለአንዱ ቀሚስ የምታወጪውን እዚሁ ጻፊልን።

ጠያቂ፦
ጨርቁ ከነጥለቱ 6,000 ብር። ስፌት 1,500። ትራንስፖርት፣ ማሸጊያና ኢንተርኔት ወደ 400። የራሴን ጊዜ አስቤው አላውቅም።

የቆዳ ቦርሳ ሠሪ፦
በቃ፣ 7,900 ከኪስሽ ይወጣል ማለት ነው። ጥለት መሳሉ፣ ገበያ መውጣቱ፣ ፎቶውና ማናገሩ ለአንድ ቀሚስ 8 ሰዓት ቢፈጅብሽና ሰዓቱን 200 ብር ብታስቢው 1,600 ነው። ድምሩ 9,500። ይህ ወለልሽ ነው፤ ማንም ቢለምንሽ ከዚህ አትወርጂም። ከዚህ በላይ ያለው ትርፍሽ ነው። በላዩ ላይ 1,000 ወይም 2,000 መጨመር ገበያውን አይተሽ የምትወስኚው ነገር ነው፤ ብትሳሳቺም አትከስሪም። ወለሉን የማያውቅ ሰው እያንዳንዱ "ትንሽ ቀንሺልኝ" እንደ አዲስ ያስጨንቀዋል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ልብስ የምትሰቅዪበት ቦታ ለጥፊው።

ፎቶ አንሺ፦
ስለ ፎቶው ብቻ ልናገር። ጨለመብኝ ያልሽው እውነትሽን ነው፤ ግን መቶ ጊዜ ብታነሺውም ያው ነው። ስልክ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልመዋል። በአብዛኞቹ ስልኮች ስክሪኑ ላይ ነጩን ጨርቅ ስትነኪ የፀሐይ ምልክት ይመጣል። ወደ ላይ ሳቢው፤ ጨርቁ ነጭ ይሆናል። ፍላሽ አታብሪ። ቀሚሱን መስኮት አጠገብ ስቀዪና ብርሃኑ ከጎን ይምጣበት፤ ጥለቱ ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው። የክረምት ደመና ደግሞ ለነጭ ልብስ ጥሩ ነው፤ ጥላው ይለሰልሳል። ከፊት፣ ከኋላ፣ ጥለቱን ከቅርብ፤ ሦስት ፎቶ ይበቃል።

ደንበኛ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
እኔ ሻጭ አይደለሁም፤ ለሠርግና ለበዓል ከአዲስ አበባ ልብስ የማዝዝ ሰው ነኝ። ፎቶ ላይ ጥላ አለ ብዬ ትቼ አላውቅም። የምተወው ዋጋው "በውስጥ መስመር" ሲባል፣ ልክ እንዴት እንደምለካ ሳይነገረኝ ሲቀርና መቼ እንደሚደርስ ሳይታወቅ ነው። ዝም የምልበትን ምክንያትም ልንገርሽ። መልእክትሽ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነኝ፣ ወይም እዚህ ሌሊት ነው። አይቼው እረሳዋለሁ። ሻጯ ከሁለት ቀን በኋላ "ልያዝልሽ ወይስ ልልቀቀው?" ብትለኝ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም።

የጌጣጌጥ ሠሪ፦
ዋጋ በግልጽ መለጠፉን ግን እኔ አልደግፍም። ተፎካካሪ አይቶ 200 ብር ቀንሶ ይሸጣል።

የቆዳ ቦርሳ ሠሪ፦
ተፎካካሪ እንደሆነ ደንበኛ መስሎ ጠይቆ ያውቀዋል። ዋጋው ካልተለጠፈ ደግሞ እህታችን ለጠየቃት ሁሉ እንደ አዲስ ልትወስን ነው። እሷን የሚያደክማት ይኸው አይደል?

የሥነ ልቦና አማካሪ፦
ሌሊቱን ስትብሰለሰዪ ማደርሽ አሳስቦኛል። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው፣ ያልተቋጨ ሥራ አእምሮ ውስጥ እየተመላለሰ ይረብሻል። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር አለ፤ ረብሻው እንዲቀንስ ሥራው የግድ ማለቅ የለበትም፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ማውጣት ይበቃል። ስለዚህ ከመተኛትሽ በፊት "ነገ ፎቶ" ብለሽ አትተዪው። "ነገ ጠዋት 3 ሰዓት፣ መስኮቱ ጋ፣ ቀዩን ጥለት" ብለሽ ጻፊ።

ሁለተኛው፣ ለጭንቀት ሰዓት ወስኚለት። ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ1983 ጀምሮ (ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያጠኑት ዘዴ ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠሽ የሚያሳስብሽን ሁሉ ታስቢያለሽ። ከዚያ ውጭ ሲመጣ በአንድ መስመር ጽፈሽ ለሰዓቱ ታቆዪዋለሽ። አልጋሽ ላይ ግን አይሁን። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ሲለመድ ይቀላል።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም ምንም ነገር ካላስደሰተሽ ግን ይህ የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለምና ሐኪም አናግሪ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እባክሽ አታፍሪ።

ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፦
ልጄ፣ የበዓል ሥራ የሚታሰበው ከበዓሉ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ሸማኔውን ስንት ቀን እንደሚፈልግ ጠይቂው። የሰፊውን ቀን ጨምሪበት። ጳጉሜን በሙሉ ለማስተካከያ ተዪው፤ ሰው ልብሱን ለክቶ "ወገቤ ላይ ጠበበኝ" የሚለው ያኔ ነው። የሚቀረው የመጨረሻው የትዕዛዝ ቀንሽ ነው። ቀኑን ከዋጋው ጋር አብረሽ ለጥፊው። ዝም ላለችውም ደንበኛ መልስሽ እሱ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ለመስከረም 1 አይደርስም፣ አለቀ። አንቺን ያስጨነቀሽ ውሳኔ የእሷ ይሆናል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የተሰቀሉትን አራቱን ነገ ጠዋት አነሳቸዋለሁ። ዋጋውን 10,500 ብዬ ጽፌዋለሁ። አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለአዲስ ትዕዛዝ ግማሹን ቀብድ ልቀበል ወይስ ያንሳል?

ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፦
ያንሳል። ግማሹ 5,250 ነው፤ ጨርቁ ግን 6,000 ነው ብለሻል። ደንበኛዋ ብትቀር 750ውን ከየት ታመጪዋለሽ? ቀብዱ 6,000 ይሁን። ሳይገባልሽ ሸማኔው ጋ አትሂጂ።