«ምንም የለም» መልስ ነው?

የመስኮት ዳር፦
ትናንት አንዱ እዚህ «ሆስተስ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች? ድምፅ ሰማሁ ለሚል ተሳፋሪ ምንም የለም ብላ ማለፏ ትክክል ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጀምሮ ተናድጃለሁ። በቅርቡ ክንፉ ጋ ተቀምጬ ስበር ከወለሉ ሥር ብረት ብረትን የሚፍቅ ዓይነት ድምፅ መጣ። ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀጠቀጣል። ጠራኋት። በመስኮቱ እንኳ ሳታይ «ምንም የለም» ብላኝ ሄደች። ሳታይ በምን አወቀች?

የቀድሞ ሆስተስ፦
ወንድሜ፣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሰው ሲደነግጥ ረድፉ በሙሉ ይደነግጣል። ደግሞ አብዛኛው ድምፅ ጤነኛ ነው። ጎማ ሲታጠፍ ደብ ይላል፣ ፍላፕ፣ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ሳንቃ፣ ሲወጣ ያጉረመርማል። ኤርባስ 320 ላይ ሞተር ሲነሳ ከወለል ሥር ውሻ የሚጮህ ነው የሚመስለው። የሃይድሮሊኩ፣ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራው ክፍል፣ ድምፅ ነው።

የመስኮት ዳር፦
እህቴ፣ ስለ ጤነኛው መቼ ጠየቅኩሽ? «ምንም የለም» ለማለት መጀመሪያ ማየት አለ።

ቴክኒሻኑ፦
ኬግወርዝ የወደቀውን አውሮፕላን አትርሱ። እንግሊዝ፣ ጃንዋሪ 1989፣ ቦይንግ 737። የተበላሸው የግራው ሞተር ነው፤ አብራሪዎቹ ያጠፉት ቀኙን። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ «ችግሩ የቀኙ ሞተር ነው» ሲል ብዙ ተሳፋሪ በግራ በኩል እሳት አይቷል። ሦስት ሆስተሶችም አይተዋል። ለኮክፒት፣ ለአብራሪዎቹ ክፍል፣ የነገረ የለም። 47 ሰው ሞተ።

የቀድሞ ሆስተስ፦
ሁሉን በሆስተሶቹ አታላክክ! ያኔ ካፒቴን ካለ አለ ነው። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ካናዳ፣ ድራይደን ውስጥ ሆስተሷ ክንፉ ላይ በረዶ አይታ ዝም አለች። አብራሪዎች ከካቢን እንዲህ ያለ ነገር መስማት አይወዱም ብላ ነው። አውሮፕላኑ ወደቀ፤ 24 ሰው አለቀ። «ምን ታውቃለች» የሚል አፍ ነው ዝም የሚያሰኘን።

ተጓዥ፦
ከ10,000 ጫማ በታች ኮክፒት መደወል ክልክል አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ታድርግ?

ቴክኒሻኑ፦
የተከለከለው ከሥራ ውጭ የሆነ ወሬ ነው። የደህንነት ነገር ከሆነ በየትኛውም ሰዓት ይደወላል።

ተጓዥ፦
ሰው ሁሉ በሰማው ድምፅ ልክ ከተደወለ ካፒቴኑ መቼ ያበራል?

የመስኮት ዳር፦
ይደወል ያልኩት መቼ ነው? ጎንበስ ብላ ትይ ነው ያልኩት። ይህችን ታህል!

የቀድሞ ሆስተስ፦
እኔ እንኳ «ምንም የለም» ብዬ ዞር ስል በቀጥታ ኢንተርፎን፣ ወደ ኮክፒት የሚደወልበት ስልክ፣ ጋ ነበር የምሄደው። አንተ አታየኝም። የሰማኸውን ድምፅ፣ በየት በኩል እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ አንድ በአንድ እናገራለሁ።

የመስኮት ዳር፦
ታዲያ «ለካፒቴኑ እነግረዋለሁ» ብትይኝ ምን ነበረበት?

የቀድሞ ሆስተስ፦
አጠገብህ ልጅ ያቀፈች እናት አለች። ትሰማለቻ።

የመስኮት ዳር፦
እሷም ትስማ እንጂ!