ጥቆማ፦ ለአባቴ የመስሚያ መሳሪያ የት ልግዛ? (ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ)

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ 74 ዓመታቸው ነው። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ግሪን ካርድ አላቸው፣ ኢንሹራንስ የላቸውም። ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ስልክ ሲደወል «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለው ይዘጉታል። ልጆቼ «አባባ አይመልሱልንም» እያሉ ማውራት ትተዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሱቅ ወስጃቸው ለሁለቱ ጆሮ 6,800 ዶላር ሲሉኝ ክው ብዬ ወጣሁ። ኤርፖድ ይበቃቸዋል የሚሉኝም አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። ያለፈበት ሰው ቢመክረኝ።

ከቤልትስቪል፦
እህቴ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ። ለአባቴ ስገዛ ገንዘብ አቃጠልኩ፣ ለአክስቴ ስገዛ ብልጥ ሆንኩ። ይረዝማል፤ ቡናሽን ቀድተሽ አንብቢ።

አባቴን የወሰድኩበት ሱቅ እንዳንቺው ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሻጩ ትሁት ነው፣ ወንበር ይስባል፣ ውሃ ያቀርባል፤ መጨረሻ ላይ «ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው» አለኝ። ፈረምኩ፤ 5,400 ዶላር። የሰጠን ጆሮ ውስጥ ጥልቅ ብሎ የማይታየውን፣ ከሽምብራ ብዙ የማይበልጠውን ዓይነት ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ጣቱ ወፍራም ነው፣ ጫፉም ደንዝዟል። ባትሪ በቀየረ ቁጥር ከእጁ ያመልጥና ሁላችንም ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን ፍለጋ። በሁለተኛው ወር መሳሪያው መሳቢያ ገባ። ልመልስ ስሄድ የመመለሻው 30 ቀን አልፏል። «ዛሬ ብቻ» ካሉሽ ተነስተሽ ውጪ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ምንም ከመግዛትሽ በፊት ጆሯቸውን ሐኪም ይየው። አክስቴ «ደነቆርኩ» ስትለን ከረመች፤ ለካ ግማሹ ችግር ኩክ ነው። ግራ ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ኖሯል። ነርሷ በሞቀ ውሃ አጥባ ስታወጣላት የቀረው ችግር እኛ ከገመትነው በጣም ያነሰ ሆነ። በዚያው፣ አንዱ ጆሮ ብቻ ከደከመ፣ ፈሳሽ ካለው ወይም ማዞር ከታከለበት ነገሩ የሐኪም እንጂ የሱቅ አይደለም። በአንድ ጆሮ ድንገት መስማት ከጠፋ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ነው የሚኬደው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ቀጥሎ ምርመራው። እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ምርመራው ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ድምፅ ሲሰሙ ቁልፍ መጫን ነው፤ ቋንቋ አይፈልግም። ሁለተኛው የተባለውን ቃል መድገም ነው፤ ቃላቱ እንግሊዝኛ ናቸው። አክስቴ በመስታወቱ ክፍል ተቀምጣ «ቤዝቦል፣ ካውቦይ፣ ሆትዶግ» ይሏታል። ሴትየዋ በሕይወቷ ካውቦይ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም! «ካባ ነው ያለኝ?» ትለኛለች በመስታወቱ በኩል። ውጤቷ ሲመጣ ቃል የመለየት ችሎታዋ እጅግ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ በእሱ መነሻነትም ውዱን ዓይነት ሊሸጡላት። እና «አባቴ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ የቃሉ ውጤት ይህን ግምት ውስጥ ያስገባ» በያቸው። ሜዲኬይድ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚቀበል ክሊኒክ ከሆነ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። አንቺ ራስሽ አስተርጓሚ አትሁኚ። ሳናውቀው በከንፈራችንና በፊታችን መልሱን እንነግራቸዋለን።

ከጨረሱ በኋላ የኦዲዮግራሙን፣ የምርመራው ውጤት የተሳለበትን ወረቀት፣ ቅጂ ጠይቂ፤ ሌላ ቦታ ይዘሽው የምትሄጂው እሱን ነው። ወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወፍራም ድምፅ ወደ ቀጭን ይሄዳል፣ ወደ ታች ሲወርድ ድካሙ ይጨምራል። ከ26 እስከ 40 ዴሲቤል ቀላል፣ ከ41 እስከ 55 መካከለኛ ይሉታል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ከበድ ያለ ነው። የሽማግሌ ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ለዚህ ነው ድምፁን ሰምተው ቃሉን የማይለዩት፤ «ሻማ» ስትያቸው «ሳማ» ይሉሻል። ስ፣ ሽ፣ ፍ የሚኖሩት እዚያ ቀጭኑ ድምፅ ላይ ነው፤ የልጆችሽም ድምፅ እዚያው ነው። አባባ ልጆቹን ንቀው አይደለም ዝም የሚሉት።

የት ይገዛ ለሚለው፣ እኔ ያየኋቸውን ላወዳድር።

ኮስትኮ፣ ለአባላት ብቻ የሚሸጠው ትልቁ ሱቅ። አክስቴ የገዛችው እዚያ ነው፤ የእኔም ምርጫ ነው። የአባልነት ካርድ ይጠይቃል፣ ዓመታዊው 65 ዶላር ነው። ምርመራው ነጻ ነው፣ ጥንዱ 1,500 እና 1,600 ዶላር አካባቢ ነው፣ መመለሻው 180 ቀን ነው። የሚሸጧቸው እንደ ፊሊፕስ፣ ሬክስተንና ጃብራ ያሉትን ነው፤ የታወቁ አምራቾች ሥራ ናቸው። ሲያስተካክሉ ቀጭን ቱቦ ጆሮ ውስጥ አስገብተው ድምፁ ታምቡሩ አጠገብ ስንት እንደደረሰ ይለካሉ፤ «ሪል ኢር» ይሉታል። የትም ብትሄጂ ይህን ታደርጋላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ያለዚያ መሳሪያው የሚስተካከለው በግምት ነው። ጉድለቱ ቀጠሮው መራቁ ነው፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈጃል። ለእናንተ ዊተን ያለው ይቀርባል፤ መጀመሪያ ደውዪ።

የግል ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ባለሙያ)። ጥንዱ 4,000 ዶላር አልፎ ይሄዳል። ዋጋው ውስጥ የዓመታት ክትትል ተጠቃሎ ገብቷል፤ በየጊዜው የማትመላለሱ ከሆነ ያልተጠቀማችሁበትን ነው የምትከፍሉት። «ዕቃውን ለብቻ፣ አገልግሎቱን ለብቻ አስሉልኝ» ማለት ይቻላል፤ እሺ የሚሉ አሉ። ድካማቸው ከባድ ከሆነ ወይም ጆሯቸው የተለየ ነገር ካለው እዚህ መክፈል ያዋጣል።

የዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮሌጅ ፓርክ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለው፣ ዲሲ ፍሎሪዳ አቬኑ ላይ ደግሞ ጋላውዴት አለ፤ ተማሪ ላልሆነ ሰውም ክፍት ናቸው። ተማሪዎች በአስተማሪያቸው ቁጥጥር ይሠራሉ። ቀስ ይላሉ፣ ሁለት ሰዓት ሊይዙሽ ይችላሉ፤ ግን ማንም አይገፋሽም። አክስቴን ለሁለተኛ አስተያየት ወስጃት «ይህቺ ልጅ ሳትቸኩል አየችኝ» ብላ መርቃ ነው የወጣችው።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው። ከጥቅምት 2022 (በፈረንጅ) ጀምሮ ቀላልና መካከለኛ ድካም ላለው አዋቂ ከፋርማሲና ከኢንተርኔት መግዛት ተፈቅዷል። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ 2,000 ነው። መመለሻው እንደ አምራቹ ነው፤ ካርቶኑ ላይ መጻፍ ግዴታ ስለሆነ ሳትከፍቺ አንብቢ። የሚስተካከለው በስልክ መተግበሪያ ነው፤ እናም አስተካካይዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው። 40 እና 50 ዶላር የሚሉት ግን ሁሉን ድምፅ እኩል የሚያጮሁ ማጉያዎች ናቸው። «ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) የተመዘገበ» የሚለው ጽሑፍ አያታልልሽ፤ መመዝገብ መጽደቅ አይደለም።

ክፍያው ላይ። አባትሽ አምስት ዓመት ስላልሞላቸው ሜዲኬርን (የአረጋውያኑን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ገና በክፍያም መግባት አይችሉም፤ ሜዲኬይድም ለአብዛኛው አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ የአምስት ዓመት ጥበቃ አለው። ብዙም አትቆጪ፣ መደበኛው ሜዲኬር ምርመራውን እንጂ መሳሪያውን አይከፍልም። በግል ኩባንያ በኩል የሚገባበት ሜዲኬር አድቫንቴጅ ላይ ብዙውን ጊዜ የተወሰነ ድጋፍ አለ፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ይታያል። አንቺ ግን ሥራ ቦታሽ ኤፍኤስኤ (ከደሞዝሽ ታክስ ሳይቆረጥ ለሕክምና የሚቀመጥ ገንዘብ) ካለሽ፣ እሳቸውንም በታክስ ጥገኛሽ ካደረግሽ፣ መሳሪያውም ባትሪውም ታክስ ካልተነካ ገንዘብ ይከፈላል። በዓመቱ መጨረሻ ያልተጠቀምሽበት ሊቃጠል ስለሚችል ጊዜውን አይተሽ ግዢ።

ሱቆቹ «18 ወር ያለ ወለድ» ብለው የሚያወጡልሽን የሕክምና ክሬዲት ካርድ ተጠንቀቂው። በጊዜው ሳይጠናቀቅ 50 ዶላር ብትቀርሽ ወለዱ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ በሙሉው ሂሳብ ላይ ሊቆለልብሽ ይችላል። የእኔ ወንድም እንዲህ ነው የተበላው።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ኤርፖድ ለጠየቅሽው፣ እኔ 52 ዓመቴ ነው፣ ራሴ ነኝ የምጠቀመው። ኤርፖድ ፕሮ 2 ነው፣ ስገዛው 249 ዶላር ነበር። በመስከረም 2024 ኤፍዲኤ የመስሚያ መሳሪያነቱን ፈቀደ፣ በወሩ ስልኩ ላይ ወረደ። አይፎን ወይም አይፓድ ላይ ምርመራውን ራስሽ ትሠሪያለሽ፣ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ቀላል ድካም ላለው፣ ስብሰባና ሬስቶራንት ለሚቸገር፣ በዚህ ዋጋ ወደር የለውም።

ለ74 ዓመት አባት ግን አልመክርም። ባትሪው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ይወድቃል፣ ይጠፋል። ደግሞ ነገሩን እንዳለ ልንገርሽ፦ ቅዳሴ ላይ አድርጌው ቆሜ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ በቅዳሴ ዘፈን?» አሉኝ። «መስሚያዬ ነው» ብል ማን ያምነኛል። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አውልቄ ከፊት እቆማለሁ።

ከአዲስ አበባ፦
እዚያ ገዝታችሁ ለምትልኩልን አንድ ነገር። ለእናቴ ወንድሜ ከአሜሪካ ጥሩ መሳሪያ ላከላት። እዚህ ወደ ክሊኒክ ይዘናት ስንሄድ ኮምፒውተራቸው ሊከፍተው አልቻለም። አንዳንድ ድርጅቶች የሚሸጡት በራሳቸው ሶፍትዌር ብቻ የሚከፈት ነው፤ ሌላ ባለሙያ ሊነካው አይችልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ እዚህ ያለው ክሊኒክ የትኛውን ምርት እንደሚያስተካክል ጠይቁ፣ ፎናክ ይሁን ሲግኒያ ወይም ኦቲኮን፣ ከዚያ ያንኑ ግዙ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚቻርጀው ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ባትሪ የሚቀየርበት ይሻላል። ቡናማ ተለጣፊ ያለው 312 ቁጥር ሳምንት ገደማ ይሄዳል። ተለጣፊው ካልተላጠ ዓመታት ይቀመጣል፣ ከተላጠ በኋላ ግን ባይሠሩበትም ያልቃል። እናቴ ለማየት ብላ አንድ ፓኬት ሙሉ ልጣ አስቀምጣ ነበር።

ከቤልትስቪል፦
የአዲስ አበባው/ዋ እውነት ነው፤ አባትሽ ክረምቱን እዚያ፣ በጋውን እዚህ ከሆኑ ይህን አስቢበት። እዚሁ የሚኖሩ ከሆነ ግን ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል፣ የሚቻርጅ፣ ማታ ሳጥኑ ውስጥ ጣል የሚደረግ ዓይነት ነው የሚሻላቸው። ብሉቱዝ ያለው ይሁን፤ ስልኩ ቀጥታ ጆሯቸው ውስጥ ይገባል፣ «ሃሎ ሃሎ»ው ይቀንሳል።

አንድ የቀረኝ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ጭቅጭቅ ነው። አክስቴ መጀመሪያ ቀን አድርጋ ወጥ ልትሠራ ገብታ ጮኸች፤ ሮጥን። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ ሰምታ እሳት የተነሳ መስሏት ነው። ፍሪጁ ያስቸግራታል፣ ወረቀት ሲታጠፍ ይሰነጥቀኛል ትላለች፣ የራሷ ነጠላ ጫማ ያናድዳታል። በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት እያደረገች፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰን አስተካክለንላት፣ በወሩ ለመደች። እነዚያን ሁለት መመለሻዎች ባንሄድ ኖሮ የእሷም መሳቢያ ውስጥ ነበር። እና ምርቱን ከማማረጥ ይልቅ አስተካካዩ የት ነው፣ ሥራ ሳልቀር አባባን ስንት ጊዜ ልወስዳቸው እችላለሁ የሚለውን አስቢ።

ድምፁ ድንገት ከጠፋ ደግሞ ተበላሸ ብለሽ አትሩጪ። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ማጣሪያ በኩክ ትደፈናለች፤ አብሮ በሚሰጥ ዱላ መሰል ነገር አውጥተሽ አዲስ ትተኪያለሽ። ለዚች ሥራ 60 ዶላር ከፍያለሁ፣ እስክማር ድረስ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሐኪም ወስጃቸው ነበር፤ ኩክ በሁለቱም አለ፣ ጠብታ ታዘዘላቸው፣ በሳምንቱ ይታጠባል። የዊተኑ ኮስትኮ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ይዣለሁ። ስለ ካውቦዩ ስነግራቸው አባዬ ስቀው «ካውቦይ እንኳ አውቃለሁ፣ አምባሳደር ሲኒማ አይቻለሁ» አሉ። ሆትዶግን ግን አሁንም አያውቁትም።