ክርክር፦ ያዋጣነውን ብር ለማን እንስጥ? ተቀባዩንስ እንጠይቅ?

ገንዘብ ያዡ (ደሴ፣ ሆጤ)
ሰላም እህት ወንድሞች። እንደምታውቁት በዚህ ቡድን 62 ነን፣ በወር 200 ብር እናዋጣለን። የዓመቱ 148,800 ብር ባንክ አለ። እሁድ ደሴ ፒያሳ ተገናኝተን ለማን እንደምንሰጥ እንወስናለን። ከዚያ በፊት እዚሁ እንከራከርበት።

ባለፈው ዓመት የሆነውን አልደብቅም። የአንዲት ታማሚ ልጅ ቪዲዮ ተላከልን። ሁላችንም አዘንን። በዚያው ሌሊት 40,000 ብር አስገባን። ልጅቷ ታከመች? አልታከመችም? እስካሁን አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር። ብሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቅ ማስገባቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ዘንድሮ ቀድመን እንጠይቅ እላለሁ። ድርጅቱ ባለፈው ዓመት ምን ሠራ? የእኛ ብር ሲጨመርበት ምን ይለወጣል? እኛ ባንሰጥስ ሌላ ሰጪ አለው? ይህን የማይመልስ ድርጅት ይቅርብን። ምን ትላላችሁ?

የመድኃኔዓለም ሰፈር ልጅ
እኔ አልስማማም። ምጽዋት ነው እንጂ ጨረታ አይደለም። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ተብሏል። ሰጥቶ መከታተል ልቤ አይቀበለውም።

ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቡ። በ1972 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጡ። አገሩ ተርቦ ነበር። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ጥናት አላስጠኑም፣ ሪፖርት አልጠየቁም። አይተው አላስቻላቸውም፣ አነሱ። ያ ሁሉ ሺህ ልጅ ያደገበት ድርጅት ከዚያ ጉዞ ነው የተነሣው። ግሸን ደግሞ የእኛው የወሎ አገር ናት።

እህታችሁ ከጅዳ
ወንድሜ፣ እኔ ስለ ዘካ ልንገርህ። ግዴታችን ነው፣ ግን ዝም ብሎ አይወጣም። ንብረቱ ኒሳብ፣ ማለትም ዘካ የሚያስወጣውን ዝቅተኛ መጠን፣ መሙላት አለበት። ዓመት ሊዞርበት ይገባል። ከዚያ 2.5 በመቶው ይሰላል። ተቀባዮቹም ስምንት ወገኖች ናቸው፣ በቁርኣን ተለይተው ተቀምጠዋል። ከዚህ በላይ መቁጠር አለ እንዴ? ግራ እጅ አትወቅ የሚለው በእኛም ሐዲስ አለ። ለእኔ የሚገባኝ ሰጪው ይደበቅ ነው። ብሩ ይጥፋ አይደለም።

እኔ እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በቲክቶክ ላይቭ ኩላሊቷ ደክሞ እየተባለ ሁለት ጊዜ ላክሁ። ሁለቱም ውሸት ሆኖ ተገኘ። ወላሂ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ያገኘሁት ብር ነው። ይህ ብር አማና ነው፣ አደራ፣ ይጠየቅለት።

የባቲው
በ1977 ባቲ መጠለያ ስገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እህቴ እዚያው ቀርታለች። እኔ በሰው ብርድ ልብስና በሰው አጥሚት ነው የዳንኩት። ያንን የሰጠው ሰው መጀመሪያ ሪፖርት አምጡ ቢል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ሰው እየሞተ አይጠየቅም። ይህን ብቻ ነው የምለው።

ገንዘብ ያዡ
ጋሼ፣ እህትዎን ነፍስ ይማር። እርስዎ ያሉት አይካድም። አስቸኳይ ሲሆን የምንሰጠው ለብቻው ይቀመጥ፣ ከብሩ ሩቡን እንበል። የእኔ ጥያቄ በቀሪው ላይ ነው።

በጎ ፈቃደኛዋ (አራዳ)
በአስቸኳዩ ላይም ልጨምር። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጦርነቱ ከቆቦና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ እዚያው ነበርኩ። የደሴ እናት እንጀራዋን በመሶብ ተሸክማ ትመጣ ነበር። ወጡ ሳይበርድ ይደርሳል። ከሩቅ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ፓስታ በካርቶን በካርቶን ተራገፈ። ድስት የለም፣ ማገዶ የለም። ልብሱ ተከመረ፣ ለሕፃን የሚሆን ግን አልነበረበትም። አንዲት ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ሞዴስ ፈልጊልኝ አለችኝ። ሳምንት ሙሉ አፍራ ነው። ያን ያህል ዕቃ ሲመጣ ሞዴስ ያሰበ አልነበረም። ጥቅምት ላይ እኛም ራሳችን ቤታችንን ጥለን ወጣን፣ ነገሩ የበለጠ የገባኝ ያኔ ነው።

ጋሼ፣ ሪፖርት ይምጣ አላልኩም። ግን ምን ጎደለሽ ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እርዳታ አያዘገይም።

ነጋዴው (ኮምቦልቻ)
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ድርጅት ሲባል መኪና፣ ሆቴል፣ ሥልጠና፣ አበል ነው። ከመቶ ብሬ ዘጠናው ድሃው እጅ ይግባ። አስተዳደር ወጪው ከ10 በመቶ ያለፈውን ድርጅት በሙሉ እንሰርዝ። ቀላል መመዘኛ ነው፣ ማንም ይገባዋል።

የሒሳብ ባለሙያዋ
ቀላል ነው፣ ግን ያሳስታል። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ማውጣት አይችልም። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ጣሪያው 30 ነበር። ሰፋ ያለ ይመስላል፣ ነገር ግን ለሥራው ራሱ የሚወጡ ብዙ ወጪዎች አስተዳደር እየተባሉ ይቆጠሩ ስለነበር ደህና የሚሠሩ ድርጅቶች ጭምር ተቸግረዋል። ቁጥሩ የሚወሰነው ምን የት እንደተመዘገበ ነው።

ደብተር አድሎ የሚሄድ ድርጅት ወጪው ትንሽ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት መቆየቱን የሚከታተል ድርጅት ደግሞ ለተከታታዩ ደመወዝ ይከፍላል። ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ያምራል። እኔ ልጄን ለሁለተኛው ነው የምሰጠው።

ሕጉ ዓመታዊ ሪፖርትና የኦዲት ሪፖርት ድርጅቶቹን ለሚቆጣጠረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ማስገባትንም ያስገድዳል። ስለዚህ አሳዩን ብንል ነውር የለውም። የሚቆጣን ድርጅት ካለ፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

የመድኃኔዓለም ሰፈር ልጅ
ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ያስፈራኛል። ተጠራጥረን ተጠራጥረን በመጨረሻ ለማንም የማንሰጥ እንዳንሆን።

ገንዘብ ያዡ
ይህ ስጋትህ ልክ ነው፣ እኔም እፈራዋለሁ። ግን ቅሬያችንን፣ ዕድራችንን፣ እይ። ለቅሶ ባለቀ ቁጥር ሳህኑ፣ ብርጭቆውና ድንኳኑ ይቆጠራል። ሐዘንተኛው ተጠረጠርኩ ብሎ ያውቃል? ስለሚቆጠር ነው ዕቃው ከአያቶቻችን እስከ እኛ የደረሰው። ወይዘሮ አበበችም ሁለቱን ልጆች አንሥተው አልተቀመጡም። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2013 ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ አብረው ቆዩ። እኛ 40,000 ብር አስገብተን ሁለት ሳምንት እንኳ አልተከታተልንም።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለተቀመጠችው እናት ከኪስህ ስትሰጣት ማንም አይጠይቅህም። እኔም እሰጣለሁ። ይህኛው ግን የ62 ሰው ብር ነው።

ነርሱ (ቃሉ)
ዘግይቼ ገባሁ፣ ተረኛ ነበርኩ። አንድ ነገር ላሳያችሁ።

ክልላችን አማራ በዓለም ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ልጅ ሆኖ የጀመረው በሽታ እየተመላለሰ በዓይን ቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል። የቆቡ ፀጉር ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይፍቃል። በብዛት ሴቶች ናቸው የሚጎዱት። ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው በየጊዜው ይነቅሉታል። ካልታከመ ያሳውራል።

መድኃኒቱን ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በነፃ ይሰጣል። የአሜሪካው በጎ አድራጎት ድርጅት የካርተር ማዕከልም ከክልሉ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ቀዶ ጥገናውን የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራዋል፣ በዘመቻ ጊዜ ታካሚዋ አትከፍልም። ታዲያ ለምን አትመጣም? ከተሠራላት በኋላ ዓይኗ ታሽጎ ነው የምትወጣው። ብቻዋን መሄድ አትችልም። በማግሥቱ ደግሞ መታየት አለባት። አጃቢ ያስፈልጋታል፣ የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ ራት። ለዚያ የሚሆን ብር የላትም። አጃቢው ደግሞ ሥራውን ፈትቶ ነው የሚመጣው። ቀጠሮ ሰጥቼያቸው የቀሩ እናቶች አሉ። አንዷን ከዓመት በኋላ ሳገኛት አንድ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር።

ለመድኃኒት ብር ብትሰጡ ብዙም አትጨምሩም፣ ሰጪ አለው። ለመሳፈሪያው ግን ሰጪ አላየሁም።

ነጋዴው (ኮምቦልቻ)
ይህ ገባኝ። ግን መሳፈሪያ ደረሰኝ የለውም። ማን ያረጋግጣል?

የሒሳብ ባለሙያዋ
የጤና ጣቢያው መዝገብ ያረጋግጣል። የተሠራላት ሴት ትመዘገባለች፣ በማግሥቱ ስትታይም ትመዘገባለች። ብሩ ሁለተኛው ቀን ላይ ይከፈላት። የተከፈለውን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ እኔ በነፃ እሠራዋለሁ።

ነርሱ (ቃሉ)
ሁለተኛው ቀን ላይ ከሆነ አትመጣም። መምጫው ነው የሌላት። መሄጃውን ቀድማ ታግኝ፣ የመመለሻውንና የማደሪያውን በማግሥቱ።

የመድኃኔዓለም ሰፈር ልጅ
ይህን እደግፋለሁ። በአንድ ቃል ግን ተስማሙልኝ። የሴቶቹ ፎቶ አይነሣ፣ ቡድኑ ላይም አይለጠፍ። ያልኩት የግራ እጅ ነገር እዚህ ላይ ይከበርልኝ።

ገንዘብ ያዡ
ይከበራል። እሁድ ሁለት ሐሳብ ይቀርባል። አንዱ ይህ ነው። ሌላው አዲስ አበባ ላለ የአረጋውያን መርጃ እንስጥ የሚለው ነው፣ ያቀረቡት 11 ሰዎች ናቸው፣ እነሱም መልሳቸውን ይዘው ይምጡ። ያው ጥያቄ ለሁለቱም ነው።

እህታችሁ ከጅዳ
ነርሱ ወንድሜ፣ ከቆላው እስከ ጤና ጣቢያው የሁለት ሰው ደርሶ መልስ ስንት ይሆናል? ማደሪያውን ጨምረህ ንገረኝ። እናቴም ወረንጦ ነበራት።

ነርሱ (ቃሉ)
ከየቀበሌው ይለያያል። ነገ ዝርዝሩን ይዤ እመጣለሁ። የእናትሽን ቀበሌ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።