የፓርኪንሰን ፕሮፖዛል፣ ሦስተኛ ረቂቅ (አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ)

ጸሐፊ፦ ሐሳቡ ያው ነው። ከወገብ በመርፌ የሚቀዳውን የአከርካሪ ፈሳሽ ሰብስበን፣ አልፋ ሲኑክሊን የሚባለውን ፕሮቲን የተጣመመውን ዓይነት አባዝቶ በሚያሳየው ምርመራ እንፈትሻለን። በ2023 እ.ኤ.አ. በ1,123 ሰዎች ላይ የታተመው ጥናት ከፓርኪንሰን ታማሚዎች 87.7 በመቶውን ለይቷል፤ ከጤነኞቹ 96.3 በመቶውን ነጻ ብሏል። የገንዘብ ድጋፍ ጥሪው ዓርብ ይዘጋል። ሐሙስ ማታ እርማት አታምጡብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፍሪዘሩ ብቻ የበጀቱን ግማሽ በላው። ባለፈውም የወደቅነው በዚሁ ነው።

ላብራቶሪ፦ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የማይደርስ ፍሪዘር ይዤ ናሙና አልቀበልም። ቱቦውም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። ብርጭቆ ላይ ፕሮቲኑ ይለጠፋል።

ነርቭ ሐኪም፦ ርዕሱ ላይ «ሞለኪውላዊ ምልክት» ያለው ማነው? ምልክት መንቀጥቀጥ ነው፣ መገተር ነው፣ መንቀርፈፍ ነው። ይቀየር።

ጸሐፊ፦ እኔ ነኝ። በሰውነት ውስጥ ተለክቶ በሽታን የሚያሳየውን ነገር «ባዮማርከር» ብል ለማን ይገባል?

ላብራቶሪ፦ «ጠቋሚ» በሉት።

ነርቭ ሐኪም፦ ጠቋሚ ሰው የሚያሲዝ ነው። ታማሚ ፊት ቆሜ አልለውም።

ጸሐፊ፦ «አመልካች»?

ነርቭ ሐኪም፦ እሱ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ላብራቶሪ፦ ዶክተር፣ ለቃሉ ይህን ያህል ከተጨነቁ የአጥኚዎቹን ስም ቅደም ተከተልም ይዩልን። የእኔ ስም ከሁለተኛ አምስተኛ ሆኗል። ያላየሁ መሰላችሁ?

ነርቭ ሐኪም፦ አንቺ ስለ ስምሽ፣ እኔ ስለ ታማሚው!

ነርስ፦ በቃችሁ። ከመርፌው ሥር ቱቦ የምይዘው እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሮዝ ሆነው ሲወርዱ ስንቴ አይቻለሁ። ቀይ የደም ሴል ራሱ በአልፋ ሲኑክሊን የተሞላ ነው፤ ትንሽ ደም ከገባ ውጤቱ ይዛባል። ክፍል አራት ላይ ደም የነካው ቱቦ ምን እንደሚደረግ አንድ መስመር እንኳ የለም። እናንተ ግን ቃል ላይ ናችሁ።

ነርቭ ሐኪም፦ ልክ ነሽ። ተናድጄ ነው የጻፍኩት፣ ይቅርታ። የላብራቶሪዋም ስም ወደ ቦታው ይመለስ። ቃሉን ግን አለቅም።

ታማሚ አባል፦ የፈለጋችሁትን በሉት ልጆቼ። እኔን ሦስት ዓመት የትከሻ ሕመም ነው እያሉ ኪኒን አስዋጡኝ። ማሽተት ያቆምኩት ከዚያም በፊት ነበር። ድስት አርሮ ቤቱ በጢስ ታፍኖ ባለቤቴ እየጮኸች ስትገባ እኔ ምድጃው አጠገብ ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጭ ብያለሁ። ደግሞ ወገብ ላይ መርፌ ስትሉ ስንት ሰው እሺ ይላችኋል? ከቆዳ አይወሰድም?

ላብራቶሪ፦ ይወሰዳል ጋሼ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ከፓርኪንሰን ታማሚዎች 92.7 በመቶው ቆዳ ላይ ፎስፌት የያዘውን አልፋ ሲኑክሊን አግኝቷል፤ ጤነኞች ላይ 3.3 በመቶ ብቻ። ችግሩ ፓርኪንሰንን በሚመስለው በሌላው የነርቭ በሽታ፣ በመልቲፕል ሲስተም አትሮፊ ላይም 98.2 በመቶ ነው። አንዱን ከሌላው አይለይልንም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆዳ ከሆነ ፍሪዘሩ ቀረ ማለት ነው? እኔ ለቆዳ ነኝ።

ላብራቶሪ፦ በማይክሮስኮፕ ማን ያነበዋል? «እኔ አለሁ» ያለው ፓቶሎጂስት ከሁለተኛው ረቂቅ ወዲህ ድምፁ የለም።

ጸሐፊ፦ ደወልኩ፣ አያነሳም።

ነርስ፦ ጋሼ ያነሱት ማሽተት ቀላል ነገር አይደለም። በ2023ቱ ጥናት ማሽተት ካቃታቸው ታማሚዎች 97.2 በመቶው ፖዘቲቭ ናቸው፤ ማሽተታቸው ደህና ከሆነው 63 በመቶው። መጀመሪያ በማሽተት እንለይ፣ ከዚያ ቆዳ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ በጀታችን ውስጥ ይገባል።

ጸሐፊ፦ አራተኛ ረቂቅ ተለጥፏል። ማሽተት ፊት መጥቷል፣ ቆዳ ሁለተኛ ነው፣ የወገብ ፈሳሽ ወደ «ለወደፊት» ሄዷል። ነርሷ የጠየቀችው፣ ደም ስለነካው ቱቦ የምትለዋ መስመርም አብራ ቀረች።

ላብራቶሪ፦ ጥሪው «ሞለኪውላዊ» ይላል። ማሽተት ሞለኪውላዊ አይደለም።

ጸሐፊ፦ የቆዳውን ክፍል ዛሬ ማታ ማን ይጽፋል?

ታማሚ አባል፦ የማሽተቱን ሙከራ በእኔ ጀምሩ። ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ።

ጸሐፊ፦ እሺ ጋሼ። የቆዳውንስ?