ባንክራፕሲ (በፍርድ ቤት ዕዳ ማሰረዝ) ብገባ የትኛው ዕዳ አይሰረዝልኝም? እቁቡስ?

የሌሊት ሾፌር፦
ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ኡበር እነዳለሁ። አምና ወገቤን አሞኝ አራት ወር ቤት ዋልኩ። የሆስፒታልና የክሬዲት ካርድ ዕዳዬ 38 ሺህ ዶላር ደርሷል። የስቱደንት ሎን (የትምህርት ብድር) እና የ2024 ታክስም አለብኝ። ጠበቃ ቻፕተር 7 (ዕዳ የሚያሰርዝ የባንክራፕሲ ዓይነት) ግባ ብሎኛል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን እቁቡ ነው። 12 ሰዎች ነን፤ በወር 1,000 ዶላር እንጥላለን። ሦስተኛው ዕጣ ለእኔ ወጣ፤ ገንዘቡ ለውዝፍ ኪራይና ለመኪና አለቀ። ገና 9 ወር መጣል አለብኝ። ዋሴ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። እቁቡን ዕዳዬን ከምዘረዝርበት የፍርድ ቤት ወረቀት ባስቀረው ምን ይመጣል? ሌላስ የማይሰረዘው የቱ ነው?

የሁለት ልጆች አባት፦
አይዞህ፣ እኔም አልፌበታለሁ። የካርዱና የሆስፒታሉ ተሰርዞልኛል። ቻይልድ ሰፖርቱ (የልጆች ማሳደጊያው) ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ካርዱን ከዛሬ ጀምሮ አትንካው። ፋይል ከማድረግህ (ማመልከቻውን ለፍርድ ቤት ከማስገባትህ) በፊት ባሉት 90 ቀናት የቅንጦት ዕቃ በብዛት ከገዛህበት፣ ባንኩ ያ ዕዳ አይሰረዝለት ብሎ ሊሟገትህ ይችላል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ወንድሜ፣ እኔ የጠበቃ ረዳት ነኝ፤ ሥራዬ ይሄንኑ ወረቀት መሙላት ነው። እቁቡን እንዳትደብቀው። የምትፈርመው እውነት ነው ብለህ በሕግ ፊት ነው። እቁብም ዕዳ ነው፤ አባላቱም ዋስህም ይጻፉ። ፋይል ከማድረግህ በፊት ደግሞ ለእሳቸው ብቻ ነጥለህ አትክፈል። በ90 ቀን ውስጥ (ለዘመድ ከሆነ እስከ አንድ ዓመት) ለአንዱ አድልተህ የከፈልከውን ትረስቲው (ጉዳይህን እንዲይዝ የሚመደበው ሰው) ከተቀባዩ ሊያስመልስ ይችላል። ሁሌ የማዝንበት ነገር፣ ፍርድ ቤቱ ነጻ የሚያወጣው አንተን ብቻ ነው። ዋስህ ከነኃላፊነታቸው ይቀራሉ። ከተሰረዘልህ በኋላ ግን በፈቃድህ ብትከፍል ሕጉ አይከለክልህም።

የ2024ቱ ታክስ አሁን አይሰረዝም። የመክፈያ ቀኑ ኤፕሪል 15፣ 2025 ነበር፤ ከዚያ ቢያንስ 3 ዓመት ማለፍ አለበት፣ ሌላም መስፈርት አለው። ስቱደንት ሎን ለብቻው ክስ ይፈልጋል። የፌዴራል ከሆነ ተስፋ አትቁረጥ፤ ከኖቬምበር 2022 ወዲህ ገቢና ወጪህን በቅጽ አስረድተህ መንግሥት ራሱ ሊስማማልህ የሚችልበት አሠራር አለ።

የሌሊት ሾፌር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ትናንት ከሥራ በፊት ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቡናው እስኪፈላ ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው የእቁቡን ደብተር አወጡና የሁሉንም ስም ከነአድራሻው ራሳቸው ጻፉልኝ። የራሳቸውን መጀመሪያ።