የቤት ውሃ ማጣሪያ ልገዛ ነው፤ አር.ኦ ይሻላል ወይስ ካርቦን?

የልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማጣሪያ ልገዛ ብዬ ግራ ገብቶኛል፦ አር.ኦ (ውሃን በግፊት በጣም ረቂቅ በሆነ ስስ ሽፋን የሚያጣራው ማሽን) ወይስ ካርቦን (በከሰል የሚያጣራው)? ውሃችን የቧንቧ ነው። ስለሚቋረጥ ጣሪያ ላይ ባለ ታንከር እናጠራቅማለን። ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ማንቆርቆሪያው ውስጥም ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታል። በቅርቡ አንድ ሻጭ ቤት መጥቶ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብረት ነክሮ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። የእኛ ውሃ ወዲያው ቡናማ ዝቃጭ አወጣ። የእሱ አር.ኦ ያጣራው ግን ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ለልጆቼ ውሃ ስሰጥ ልቤ አያርፍም። ማሽኑ ውድ ነው። ልግዛው ወይስ የካርቦን ጆግ ይበቃኛል?

ከላብራቶሪ፦
እህቴ፣ ውሃ መመርመር ሥራዬ ነው፤ ይሄ የብረት ነገር በጣም ያናድደኛል። እናቶችን በልጆቻቸው ማስፈራራት ነውር ነው። ቡናማው ነገር የወጣው ከውሃሽ ሳይሆን ከብረቱ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ እየሟሟ ዝገት ይሆናል። ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፉት ደግሞ ውሃው ውስጥ የሟሙ ማዕድናት ናቸው። አር.ኦ እነሱን ስለሚያስቀር ኤሌክትሪኩ እንደ ልብ አያልፍም፤ ብረቱም አይሟሟም። በሻጩ ብርጭቆ ቁንጥር ጨው ቢጨመርበት ያም ቡናማ ይሆን ነበር።

ቲ.ዲ.ኤስ የሚለካው መሣሪያም የሚነግርሽ የሟሟውን ማዕድን መጠን ብቻ ነው። ጀርም አያይም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ውሃም ጀርም ካለበት ሆድ ሊያሳምም ይችላል።

ሽታውን ካርቦን በደንብ ይይዘዋል። ነጩ ቅርፊት ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ዕቃ ያበላሻል እንጂ ለጤና አያሰጋም፤ ለእሱ ብለሽ አር.ኦ አትግዢ።

እኔን የሚያሳስበኝ ታንከሩ ነው። ውሃ በቆየ ቁጥር ክሎሪኑ እየደከመ ይሄዳል። ክዳኑ ካልገጠመ አቧራውም ነፍሳቱም ይገባል። ካርቦን ብቻውን ደግሞ ጀርም አይገድልም። እንዲያውም የቀረውን ክሎሪን ስለሚወስድ፣ በካርቦን የተጣራ ውሃ ለቀናት ተጠራቅሞ መቀመጥ የለበትም። ስለዚህ ሴራሚክ ከካርቦን ጋር ያለውን ፈልጊ። የጥሩ ሴራሚክ ቀዳዳ 0.2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ነው፤ አብዛኛው ባክቴሪያ አያልፍበትም። ቫይረስ ግን ከዚያ ስለሚያንስ ያልፋል። ለእሱ ማፍላት ወይም የዩቪ መብራት (በአልትራቫዮሌት ጨረር ጀርም የሚገድል) ያስፈልጋል። ዩቪ የሚሠራው ውሃው ጥርት ያለ ሲሆንና ኤሌክትሪክ ሲኖር ብቻ ነው፤ በድፍርስ ውሃ ጀርሙ ከደለሉ ጀርባ ይደበቃል።

የጉድጓድ ውሃ፦
በላብራቶሪው እስማማለሁ፤ ግን አር.ኦ የሚያስፈልገው ሰውም አለ። እኛ የምንጠጣው የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ነው። ስናስመረምረው ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ሆኖ ተገኘ። ፍሎራይድ ሲበዛ የልጅ ጥርስ ያበልዛል፤ ለረጅም ጊዜ ከተጠጣ አጥንትም ይጎዳል። ማፍላት አያወጣውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። ተራ ካርቦንም አይይዘውም። ስለዚህ አር.ኦ አስገባን፤ እፎይ ብለናል። ግን ግፊት ይፈልጋል። ከሚያጣራውም የበለጠ ውሃ ወደ ፍሳሽ ሊሄድ ይችላል። ውሃ ለሚቋረጥበት ቤት ይሄ ከባድ ነው። እኛ የሚፈሰውን ለመጸዳጃ ቤት እናጠራቅመዋለን።

ተከራይ፦
እኔ ያለኝ ከላይ ተሞልቶ ወደ ታች የሚንጠባጠበው ባለ ሴራሚክ ነው። መብራትም ቧንቧም አይፈልግም። ሲዘገይ ሴራሚኩን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እሸው፤ ሳሙና አይነካውም። ከተሰነጠቀ ግን፣ ስንጥቁ ፀጉር ቢያክልም፣ ቀይሪው። መለዋወጫው በቀላሉ የማይገኝ ማጣሪያ አትግዢ።

የልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ! ታንከሩን ዛሬውኑ አሳጥባለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ እስክገዛ ድረስ ለትንሿ ምን ላድርግ?

ከላብራቶሪ፦
ውሃውን አፍይላት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ የምትኖሩ ከሆነ 3 ደቂቃ። እዚያው በፈላበት ዕቃ፣ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ቧንቧ ባለው ዕቃ ገልብጪው፤ ኩባያ እየነከሩ ከመቅዳት ይህ ይሻላል። የታንከሩን ውሃ ደግሞ ካሳጠብሽ በኋላ አስመርምሪው፦ ባክቴሪያ፣ ፍሎራይድና ናይትሬት በይ። ውጤቱን እዚህ ለጥፊው፤ የትኛው ማጣሪያ እንደሚሆንሽ አብረን እናየዋለን።